በክላውድ ያስቀመጣችሁትን ምስጢር ማን ማንበብ ይችላል? የፈቃድ ፖሊሲ አመረማመር ደረጃ በደረጃ

የዳታቤዝ የይለፍ ቃልን ከኮድ ውስጥ አውጥቶ በክላውድ የምስጢር ማስቀመጫ ማኖር ተገቢ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሥራው እዚያ አያልቅም። ማስቀመጫው ምስጢሩን መስጥሮ ይይዛል፤ ፈቃድ ይዞ ለመጣ ሁሉ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ፈትቶ ያስረክባል። ስለዚህ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ምስጢር ዛሬ ማንበብ የሚችሉት እነማን ናቸው? መልሱ በአንድ ገጽ ላይ ተሰብስቦ አይገኝም። ከምስጢሩ ጋር የተያያዘው ፖሊሲ (ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስን የፈቃድ ጽሑፍ)፣ ከሰዎችና ከፕሮግራሞች ጋር የተያያዙት ፖሊሲዎች፣ እንዲሁም የመመስጠሪያው ቁልፍ ፖሊሲ በአንድነት ይወስኑታል።

ምሳሌ እንያዝ። በጅማ ከተማ ቢሮ ያለው አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን በማና፣ በጎማና በሊሙ ቆሳ እሸት ቡና ለሚያስረክቡ ገበሬዎች የመመዝገቢያ ሥርዓት ሠርቷል እንበል። ገበሬው ሲያስረክብ ኪሎው ይመዘገባል፤ በአፋን ኦሮሞ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ክፍያውም በቴሌብር ይላክለታል። ከሥርዓቱ ጀርባ ቢያንስ ሦስት ምስጢሮች አሉ፦ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል፣ የአጭር መልእክት አገልግሎቱ ቁልፍ እና የክፍያው ቁልፍ። የመጀመሪያው ከወጣ የገበሬዎቹ ስም፣ ስልክና የሒሳብ ታሪክ ይወጣል። ሦስተኛው ከወጣ የሰው የዓመት ልፋት አደጋ ላይ ይወድቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የሰውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታም ሆኗል።

አሠራሩን በአማዞን ዌብ ሰርቪስ (ኤደብሊውኤስ) የምስጢር ማስቀመጫ፣ በሲክሬትስ ማናጀር፣ አሳያለሁ። የማይክሮሶፍቱ አዙርና የጉግል ልዩነት ወደ መጨረሻው ላይ ይመጣል።

1. ክላውዱን ከመክፈታችሁ በፊት ዝርዝር ጻፉ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የመቆጣጠሪያ ገጹን የከፈተ ሰው ያየው ፈቃድ ሁሉ ትክክል ይመስለዋል፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ይፈልግለታል። አስቀድሞ መሆን የሚገባውን የጻፈ ሰው ግን የሚያየውን ከጻፈው ጋር ያመሳክራል፤ ልዩነቱም ወዲያው ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ምስጢሩ፣ ማንበብ የሚገባው፣ ምክንያቱ። በምሳሌያችን የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ማንበብ የሚገባው ሥርዓቱ የሚሠራበት ሰርቨር የያዘው ሚና (ሰው ወይም ፕሮግራም ለብሶት የሚሠራበት የፈቃድ ማንነት) ነው፤ ለአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ አንድ ኃላፊ። የመልእክቱን ቁልፍ የሚያነበው መልእክት ላኪው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ የክፍያውንም ከፋዩ ፕሮግራም ብቻ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የክፍያ ሪፖርት ያስፈልጋታል እንጂ ቁልፉ አያስፈልጋትም። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ የመጣው ተማሪ ከሙከራው ዳታቤዝ ጋር ይሥራ፤ የዋናው ምስጢር ስሙን ቢያውቅ እንኳ ይዘቱን ማየት የለበትም። ምክንያቱ ባዶ የቀረ መስመር ካለ ያ ሰው ወይም ፕሮግራም ከዝርዝሩ ይውጣ። ገጹ ሲያልቅ የሥርዓቱ ባለቤት የሆነው ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አይተው ይስማሙበት፤ የገበሬዎቹን አደራ የተቀበሉት እርሳቸው ናቸውና።

2. የመርማሪ ፈቃድ አዘጋጁ

ምርመራውን በአካውንቱ ዋና ባለቤት ስም አትሥሩ። ሴኩሪቲ ኦዲት የሚባለው ዝግጁ ፖሊሲ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ፖሊሲዎችንና ዝርዝሮችን ያሳያል፣ የምስጢሩን ይዘት ግን አያነብም። መርማሪው ማን ማንበብ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ይዘቱን ማየት ግን አያስፈልገውም። የመርማሪው መግቢያ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው።

3. ያሉትን ምስጢሮች ሁሉ ቁጠሩ

ሲክሬትስ ማናጀር ምስጢሮችን የሚያስቀምጠው በክልል ለይቶ ነው፤ ክልል ማለት የክላውዱ ማዕከሎች ያሉበት አካባቢ ነው። አየርላንድን እያያችሁ ኬፕታውን ያለውን አታዩም። አንዱ ባልደረባ ፍራንክፈርት ላይ ሞክሮ፣ ሌላው በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተውን የኬፕታውን ክልል አስነሥቶ የተረሳ ምስጢር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የተከፈተውን ክልል ሁሉ ዙሩ። ፓራሜተር ስቶር የሚባለውን ሌላውን የኤደብሊውኤስ ማስቀመጫም አትርሱ፤ የይለፍ ቃል እዚያ የሚያስቀምጡ ብዙዎች ናቸው፤ ፈቃዱም የተለየ ነው።

ለእያንዳንዱ ምስጢር ስሙን፣ የተመሰጠረበትን ቁልፍ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበትንና የተነበበበትን ቀን መዝግቡ። የንባቡ መረጃ ቀኑን ብቻ እንጂ ሰዓቱን አይነግራችሁም። ለወራት ማንም ያላነበበው ምስጢር ከተገኘ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ባለቤት ካጣ ለመሰረዝ እጩ ነው። የተሰረዘ ምስጢር ወዲያው አይጠፋም፤ ከ7 እስከ 30 ቀን ባለው የመመለሻ ጊዜ ውስጥ ማስመለስ ይቻላል። በየወሩ ለአንድ ምስጢር 40 የአሜሪካ ሳንቲም ስለሚከፈል ማጽዳቱ ወጪም ይቀንሳል።

4. ፖሊሲዎቹን አውርዱና ያለ ኢንተርኔት አንብቡ

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ገጽ በገጽ እየከፈቱ ማንበብ ሐሳብን ይበታትናል። ከትእዛዝ መስመሩ ጌት አካውንት ኦቶራይዜሽን ዲቴይልስ የሚባለው ትእዛዝ የአካውንቱን ተጠቃሚዎች፣ ቡድኖች፣ ሚናዎችና ፖሊሲዎቻቸውን በሙሉ በአንድ ፋይል ያወርዳል። ከምስጢሮቹና ከቁልፎቹ ጋር የተያያዙት ፖሊሲዎች ግን በዚህ ውስጥ የሉም፤ እነርሱን ለየብቻ አውርዱ። ከዚያ ኮምፒውተራችሁ ባትሪ እስካለው ድረስ ተረጋግታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ፋይሉ የቤታችሁን ካርታ ለሌባ የሚሰጥ ስለሆነ በቴሌግራም አትላላኩት፤ ሥራው ሲያበቃም አጥፉት።

5. ከምስጢሩ ጋር የተያያዘውን ፖሊሲ አንብቡ

በእያንዳንዱ የፖሊሲ አንቀጽ ውስጥ አራት ነገር ፈልጉ፦ ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል፣ ለማን፣ ምን ለማድረግ፣ በምን ሁኔታ።

ከሁሉ በፊት «ለማን» የሚለውን እዩ። እዚያ ላይ «ሁሉም» ማለት የሆነው የኮከብ ምልክት (*) ብቻ ተቀምጦ ሁኔታ ካልተጻፈለት ምስጢሩ ለዓለም ክፍት ነው። በአንጻሩ «በየትኛው ሀብት ላይ» በሚለው ቦታ ኮከብ ብታዩ አትደንግጡ፤ ፖሊሲው ከአንድ ምስጢር ጋር የተያያዘ ስለሆነ እዚህ ኮከቡ የሚያመለክተው ያንኑ ምስጢር ነው። ብዙ ጊዜ በስህተት የሚነበብ ሌላም አለ፦ በአካውንት ቁጥርና «ሩት» በሚለው ቃል የተጻፈ ተፈቃጅ ዋናውን ባለቤት ብቻ የሚመለከት ይመስላል። የሚመለከተው ግን መላውን አካውንት ነው፤ የዚያ አካውንት አስተዳዳሪዎች ፈቃዱን ለፈለጉት ተጠቃሚ ሊያከፋፍሉ ይችላሉ። የአካውንት ቁጥሩ የእናንተ መሆኑን አሃዝ በአሃዝ አረጋግጡ፤ ውሉ ያበቃ የቀድሞ ባለሙያ አካውንት እዚያ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ቫሊዴት ሪሶርስ ፖሊሲ የሚባለው ትእዛዝ ፖሊሲው ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑን በራሱ መርምሮ ይነግራችኋል። አዲስ ፖሊሲ ስታያይዙም ብሎክ ፐብሊክ ፖሊሲ የሚለውን አማራጭ አብሩ። አክሰስ አናላይዘር የሚባለው መሣሪያም ከአካውንቱ ውጭ ላለ አካል የተከፈተውን ያሳያል፤ የውጭውን መመርመሪያ በነጻ መጠቀም ይቻላል፤ በየክልሉ ግን ለየብቻ መከፈት አለበት።

ከምስጢሩ ጋር የተያያዘ ፖሊሲ ጭራሽ ከሌለ «ተዘግቷል» ብላችሁ አትለፉ። በአንድ አካውንት ውስጥ ከምስጢሩ ወይም ከተጠቃሚው ጋር የተያያዘው ፖሊሲ አንዱ ብቻ ቢፈቅድ ንባቡ ይሳካል። ሁለቱም እንዲፈቅዱ የሚያስፈልገው ጠያቂው ከሌላ አካውንት ሲመጣ ነው።

6. ከሰዎችና ከፕሮግራሞች ጋር የተያያዘውን ፖሊሲ አንብቡ

አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ አሳልፉ።

ባወረዳችሁት ፋይል ውስጥ ጌት ሲክሬት ቫልዩ የሚለውን ተግባር ፈልጉ፤ ይዘቱን የሚያነበው እርሱ ነው። ግን በስሙ ብቻ አትፈልጉት። «ጌት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ኮከብ ያለው፣ ከአገልግሎቱ ስም ቀጥሎ ኮከብ ያለው፣ ከነጭራሹ ኮከብ ብቻ የሆነው ሁሉ ይህንኑ ፈቃድ ይሰጣል። አድሚኒስትሬተር አክሰስ የሚባለው ሙሉ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የተሰጠው ሰውም ምስጢሮቹን ሁሉ ያነባል። ሲስተሙ ሲጀመር «ለጊዜው» ተብሎ ለሁሉም የተሰጠ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ካለ ዛሬ የሚጠየቅበት ቀን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በቡና ለቀማ ጥድፊያ የተሰጠ ፈቃድ በረጋ ጊዜ ካልተፈተሸ ራሱን አያስተካክልም።

የስም አጻጻፍ ሌላው ወጥመድ ነው። ሲክሬትስ ማናጀር በእያንዳንዱ ምስጢር ሙሉ መለያ መጨረሻ ላይ ሰረዝና 6 የዘፈቀደ ፊደሎች ይጨምራል። እነዚህን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ብዙዎች ከስሙ በኋላ ኮከብ ይጽፋሉ። እንግዲህ ስሙ «ዳታቤዝ» ለሆነው ምስጢር የተሰጠው ፈቃድ «ዳታቤዝ-አስተዳዳሪ» የተባለውንም ይከፍታል ማለት ነው። በኮከቡ ፋንታ ሰረዝና 6 የጥያቄ ምልክት ጻፉ፤ አንዱ የጥያቄ ምልክት የሚተካው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ረዘም ያለው ስም አይገባም። ሙሉውን መለያ ከነፊደሎቹ መጻፍ ደግሞ ከሁሉ የጠበበው ነው።

ቀጥሎ የተዘዋወሩ መንገዶችን ተከተሉ። አንድ ሰው ምስጢሩን በቀጥታ ማንበብ ባይፈቀድለትም ማንበብ ወደሚችል ነገር መግባት ከቻለ ያው ነው። አራቱን በተለይ ፈልጉ።

ሰርቨሩ ውስጥ የሚገባ ሰው ሰርቨሩ የያዘውን ሚና መጠቀም ይችላል። ስለዚህ የሰርቨሩ መግቢያ ቁልፍ ያላቸው ሰዎች ሁሉ በዝርዝራችሁ ላይ «ማንበብ የሚችሉ» ተብለው ይጻፉ። ብዙ ቡድኖች ከእነዚህ ሰዎች ቁጥር ጋር የሚተዋወቁት ይህን ሲጽፉ ነው።

የላምዳ ፕሮግራምን (ሰርቨር ሳታስተዳድሩ ኤደብሊውኤስ የሚያስኬድላችሁን ኮድ) መቀየር የሚችል ሰው ምስጢሩን የሚያሳይ መስመር ጨምሮ ሊያስኬደው ይችላል። አዲስ ላምዳ መፍጠርና ያለውን ሚና ለእርሱ ማስተላለፍ የሚችልም እንዲሁ።

እያንዳንዱ ሚና ማን ሊለብሰው እንደሚችል የሚወስን የራሱ የእምነት ፖሊሲ አለው። ምስጢር የሚያነቡትን ሚናዎች የእምነት ፖሊሲ በተለይ አንብቡ።

ፖሊሲን መቀየር የሚችል ሰው ደግሞ ለራሱ መፍቀድ ይችላል። ፑት ሪሶርስ ፖሊሲ (የምስጢሩን ፖሊሲ የሚቀይረው ተግባር)፣ ወይም ከሚና ጋር አዲስ ፖሊሲ ማያያዝ የተፈቀደለት ሁሉ አንባቢ ተደርጎ ይቆጠር።

7. የመመስጠሪያውን ቁልፍ እዩ

ምስጢሩ ኤደብሊውኤስ ራሱ ባዘጋጀው ነባሪ ቁልፍ ከተመሰጠረ፣ በዚያው አካውንት የማንበብ ፈቃድ ያለው ሁሉ በሲክሬትስ ማናጀር በኩል ይፈታበታል፤ የዚህን ቁልፍ ፖሊሲ እናንተ መቀየር አትችሉም። የራሳችሁን ቁልፍ ከፈጠራችሁ ግን ንባብ ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዱ ከምስጢሩ፣ ሌላው ከቁልፉ። ለክፍያው ምስጢር የራስ ቁልፍ እንዲኖር እመክራለሁ፤ በወር 1 ዶላር ለዚያ ጥበቃ ብዙ አይደለም። ቁልፉን ከፈጠራችሁ በኋላ ዲክሪፕት የሚለው ተግባር ለእነማን እንደተፈቀደ በፖሊሲው ላይ አንብቡ።

8. ያነበባችሁትን በተግባር ፈትኑ

የፖሊሲ ሲሙሌተር «ይህ ተጠቃሚ ይህን ማድረግ ይችላል?» ለሚለው ፈጣን መልስ ይሰጣል። የማያያቸው ነገሮች ስላሉ ግን በእርሱ ብቻ አታቁሙ። ማንበብ የማይገባው ተጠቃሚ ገብቶ ይሞክር፤ የምትጠብቁት መልስ አክሰስ ዲናይድ የሚለው ነው። ለተለማማጁ ተማሪ ለምን እንደሚፈተን አስረዱትና አብራችሁ ሞክሩ፤ ተሰውሮ መፈተኑ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ አብሮ መሥራቱ ግን ትምህርት ይሆነዋል።

ማንበብ የሚገባውንም ሚና ፈትኑ። በዚህ ጊዜ ይዘቱ ማያ ገጹ ላይ እንዳይወጣ በኩዌሪ አማራጭ የቅጂውን መለያ ብቻ እንዲያሳይ እዘዙ።

9. እስካሁን ማን እንዳነበበ ከመዝገቡ አውጡ

ክላውድትሬይል የሚባለው የኤደብሊውኤስ የክንውን መዝገብ ያለፉትን 90 ቀናት የአስተዳደር ክንውኖች ያለ ክፍያ ያሳያል። ጌት ሲክሬት ቫልዩ በሚለው የክንውን ስም አጣሩ። ማን እንዳነበበ፣ የትኛውን ምስጢር፣ ከየትኛው አድራሻና መቼ እንደሆነ ይወጣል፤ የምስጢሩ ይዘት ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም። ይህም በየክልሉ ነው።

ሰዓቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። መዝገቡ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ የሰዓት አጠራር ለመመለስ 3 ቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ደግሞ ቀንሱ። 05:00 የሚለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ የሥራ ሰዓት ነውና ያልተለመደ አይደለም። 23:10 ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ነው። በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ ካነበበ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ተጠቃሚ ካነበበ ግን በማግስቱ በቀና አንደበት «ምን ገጠመህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሌሊት የተበላሸ ሲያስተካክል ያደረ ታታሪ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ የተሰረቀበትም ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠይቁ አይታወቅም።

10. አጥብቡ፣ ከዚያ ምስጢሩን ቀይሩ

አሁን ሁለት ዝርዝር አላችሁ፦ በደረጃ 1 የጻፋችሁትና ከፖሊሲዎቹ ያገኛችሁት። በሁለተኛው ላይ ኖሮ በመጀመሪያው ላይ የሌለ ሁሉ ይነሣ። ቅደም ተከተሉ ሥራን እንዳያስቆም እንዲህ ይሁን፦ በቅድሚያ ጠባቡን ፈቃድ ጨምሩ፤ ሥርዓቱ መሥራቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ሰፊውን አንሡ፤ ቀጥሎ ክላውድትሬይል ላይ የተከለከሉ ጥያቄዎችን ተመልከቱ። ገበሬው ቡናውን ጭኖ በሚመጣበት ሰዓት ይህን አትንኩ፤ ሚዛኑ ዘግቶ ክፍያው የሚያልቅበትን ምሽት ጠብቁ።

የሚከለክል አንቀጽ ስትጽፉ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ግልጽ ክልከላ ማንኛውንም ፈቃድ ስለሚያሸንፍ ራሳችሁን ውጭ ልትዘጉ ትችላላችሁ። በኢንተርኔት አድራሻ መገደብም ያማልላል፤ ነገር ግን የቢሮው ኢንተርኔት በሞባይል ዳታ ከሆነ አድራሻው ይቀያየራል፤ ዛሬ የገባ ነገ ይታገዳል። ሰርቨሩ ካለበት የውስጥ አውታር ብቻ እንዲነበብ መገደብ ይሻላል።

ፈቃዱን መንጠቅ ቀድሞ የተነበበውን አይመልስም። የማይገባው ሰው ማንበብ ይችል የነበረበት ምስጢር ሁሉ ይለወጥ፤ በዳታቤዙ ላይ የይለፍ ቃሉ፣ በክፍያው አገልግሎት ላይ ቁልፉ። ማስቀመጫው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ቀይሮ የዳታቤዙን መርሳት ሥርዓቱን ያቆማል፤ የድሮውንም ቃል በሥራ ላይ ይተወዋል።

በአዙርና በጉግል ለምትሠሩ

ኪ ቮልት በሚባለው የአዙር የምስጢር ካዝና ሁለት የፈቃድ አሠራሮች አሉ፤ ካዝናው በየትኛው እንደሚሠራ በቅድሚያ እዩ። አሮጌው የአክሰስ ፖሊሲ አሠራር ለካዝናው በሙሉ ስለሚፈቅድ የክፍያውን ቁልፍ ከመልእክቱ ቁልፍ መለየት አይቻልም። ከዚህ የባሰው፣ በዚህ አሠራር የኮንትሪቢዩተር ሚና ያለው ሰው ፖሊሲውን ቀይሮ ለራሱ የማንበብ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። በሚና ላይ ወደተመሠረተው አሠራር ተሻገሩ።

በጉግል ሲክሬት ማናጀር ፈቃድ ከላይ ወደ ታች ይወረሳል። ሲክሬት አክሰሰር የተባለው ሚና በፕሮጀክቱ ደረጃ ከተሰጠ በውስጡ ያሉትን ምስጢሮች ሁሉ ያስነብባል፤ ስለዚህ የምስጢሩን ገጽ ብቻ ሳይሆን የፕሮጀክቱን፣ የአቃፊውንና የድርጅቱን ፈቃድ እዩ። ምስጢር ማን እንዳነበበ የሚጽፈው የዳታ አክሰስ መዝገብ ሳትከፍቱት አይሠራም፤ ዛሬውኑ ክፈቱት።

መቼ ይደገም

ባልደረባ ሥራ ሲለቅና ተለማማጅ ጊዜውን ሲጨርስ በዚያው ቀን። ከዚህ ሌላ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉውን በመስከረም አድርጉት፤ ጥቅምት ላይ ለቀማው ሲጀምር ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ አዲስ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለማጣራት ፋታ አይኖርም። ለቀማው እንዳበቃም ለወቅቱ የተከፈቱትን ፈቃዶች ብቻ ለይታችሁ ዝጉ፤ ይህ አጭር ሥራ ነው።

በመዝገባችሁ ላይ የምርመራውን ቀን፣ የመረመረውን ሰው፣ የተነሡትን ፈቃዶች፣ የተለወጡትን ምስጢሮች ስምና ሳይዘጋ የቀረ ካለ ምክንያቱንና የሚዘጋበትን ቀን ጻፉ። የምስጢሩን ይዘት ግን በምንም ዓይነት እዚያ አትጻፉ። አንዱ ቅጂ ከቡድኑ ኃላፊ ዘንድ፣ ሌላው ከማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ይቀመጥ።